የሚያከራክር ጥያቄ ያጣ የሒሳብ ክፍል

በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከመምህሩ አፍ ደጋግሞ የሚወጣው ጥያቄ «ገባችሁ?» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። መልሱ የታወቀ ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል፤ ጠመኔው ወደ ቀጣዩ ምሳሌ ይሻገራል። ያልገባውም አብሮ «አዎ» ብሏል፤ በስልሳ ልጅ ፊት ተነሥቶ «እኔ አልገባኝም» ማለት ይከብዳልና። የገባው ምን እንደገባው አልተናገረም፤ ያልገባውም የቱ ጋ እንደተደናቀፈ አልተናገረም። ደወል ሲደወል ሰሌዳው በትክክለኛ ስሌት ተሞልቷል፤ ደብተሩም እንዲሁ። መምህሩ ግን ልጆቹ ምን እያሰቡ እንደዋሉ አንድም ነገር ሳይሰማ ወደ ሌላ ሴክሽን ይሄዳል።

በታሪክ ወይም በዜግነት ትምህርት ተማሪ አስተያየት ሲሰጥ ይሰማል። ሒሳብ ላይ ሲደረስ «መልሱ ወይ ትክክል ነው ወይ ስሕተት፤ ታዲያ ምኑ ያወያያል?» የሚል ስሜት አለ። እኔ ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። አንድ ሐሳብ እውነት መሆኑን ያለ ማንም ሥልጣን፣ በምክንያት ብቻ ማረጋገጥ የሚቻልበት ትምህርት ቢኖር ሒሳብ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከመምህሯ ጋር ተከራክራ ልትረታ የምትችልበት ክፍል ይኸው ነው። ስለዚህ ጸጥታው የሒሳብ ጠባይ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከየት እንደመጣ፣ እኛ አገር እሱን ለመስበር ምን እንደተሞከረ፣ ሌላውም ዓለም ምን እንዳገኘ ስመረምር የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ደጋግመን የቀየርነው የተማሪዎቹን አቀማመጥ ነው፤ የሚቀርብላቸውን ጥያቄ አልነካነውም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከታወጀ ወዲህ «ተማሪ ተኮር» እና «አሳታፊ ዘዴ» የሚሉት ቃላት ከመምህራን ሥልጠና ጠፍተው አያውቁም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ሲከለስ፣ ቀጥሎም የመምህራን አሠልጣኞች በከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም (ኤችዲፒ) ሲሠለጥኑ፣ ማጠንጠኛው ይኸው ነበር። ደረብሳ ዱፌራ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ፈትሸው ያገኙት ግን መምህሩ የሚናገርበት፣ ተማሪው የሚሰማበት ክፍል ነው። እንቅፋት ብለው ከዘረዘሯቸው መካከል የአገሪቱ የማስተማርና የልጅ አስተዳደግ ልማድ፣ የመምህራን የሙያ ዝግጅት ማነስ፣ የማይመጥን የትምህርት መሣሪያና የተማሪዎቹ ለመሳተፍ አለመለማመድ ይገኙበታል። ስለ ልማዱ የተነሣው ነጥብ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን እናቆየው።

ሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማው መጣ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሒሳብን ጨምሮ ዋና ዋና ትምህርቶችን በአገሪቱ ዙሪያ በአንድ ሰዓት ማስተማር ጀመረ። ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ገደማ የስክሪኑ ሆነ፤ ለመምህሩ የቀረው መግቢያና መዝጊያ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ፕላዝማውን ያዘጋጁት ሰዎች ስለ ተሳትፎ አላሰቡም ማለት አይቻልም። አቅራቢው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። የሚጠብቀው ግን የማያየውን ክፍል ነው። ልጆቹ ገና ጥያቄውን ወደ ደብተራቸው እየገለበጡ ሳለ እሱ ሁለት እርምጃ ቀድሟቸዋል። ጌትነት ደምሴ ቢተው እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ መጽሔት ላይ ስለዚህ ስርጭት አጭር ዳሰሳ ጽፈው ነበር፤ በዚያ ዘመን ፕላዝማ ክፍል ውስጥ የተማረ ሁሉ ግን ፍጥነቱን ያለ ጥናትም ያስታውሰዋል። «አንዴ ቁም» የማይባል መምህር ነበር።

ከፕላዝማው የምወስደው ትምህርት ጠባብ ነው። ቴክኖሎጂው ጥፋተኛ አይደለም። ውይይት የሚባለው ነገር የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ ካልተጻፈ ብቻ የሚኖር ነው። የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር በቴፕ ላይ ካለ፣ የተማሪው መልስ ምንም ይሁን ምን ትምህርቱ አይቀየርም፤ ልጆችም ይህን ለመረዳት አንድ ሳምንት አይፈጅባቸውም። ጠመኔ ይዞ የቆመ መምህርም ማስታወሻውን ከሰሌዳ ወደ ደብተር ብቻ የሚያሻግር ከሆነ ያው ፕላዝማ ነው።

ከዚያ «አንድ ለአምስት» መጣ። በገጠር በገበሬው፣ በከተማ በመሥሪያ ቤቱ የተዘረጋው አደረጃጀት ትምህርት ቤትም ገባ፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን አምስት እንዲመራ ተመደበ። ዴስኮች ተገጣጠሙ፣ የቡድን መዝገብ ተከፈተ፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚታይ ነገር ተገኘ። በዚህ አደረጃጀት ላይ የተነሣው ፖለቲካዊ ቅሬታ የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። የትምህርቱን ጎን ብቻ ብናይ ዋናው ችግር ቡድኑ የተሰጠው ሥራ ላይ ነበር። ስድስት ልጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠው «ጥያቄ 1 እስከ 10 ሥሩ» ከተባሉ፣ ብልሃቱን የምታውቀው አንዷ ትሠራለች፤ አምስቱ ይገለብጣሉ። በልጆቹ መፍረድ አይቻልም። ጥያቄው ስድስት ሰው አይፈልግም። ብልሃቱን ለሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ ለማያውቁት ስድስትም ስልሳም ቢሆኑ አይረዳቸውም።

መጠቀስ ያለበት ሌላ ሙከራ አለ። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በ2003 ዓ.ም. የጀመረው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ስማሴ የሚባለው ፕሮጀክት፣ ከኬንያ ልምድ ተነሥቶ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን በሥራ ላይ አሠልጥኗል። ያተኮረው የትምህርቱ ዕቅድ ላይ ነው፦ አቅድ፣ ሥራ፣ ተመልከት፣ አሻሽል። መምህሩ ብቻውን ከሚያዘጋጀው ይልቅ ባልደረቦቹ አይተው የሚያርሙት ትምህርት ይሻላል የሚለው ሐሳቡ ከአንድ ለአምስት ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የቀረበ ነበር።

አሁን ወደ ልማዱ እንመለስ። «እኛ ልጅን ዝም በል ብለን ነው የምናሳድገው፤ ውይይት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው አባባል በመምህራን ክበብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። በትልቅ ሰው ፊት ቀድሞ መናገር ነውር የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ግን ይህች አገር ካሏት የትምህርት ልማዶች ሁሉ የጠነከረውን ብንመለከት ሌላ ነገር እናያለን። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ብቻ ሸምድዶ አይወጣም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቆጥሮ፣ ራሱ ሠርቶ፣ በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል። ቅኔው ይነቀፋል፣ ይታረማል፣ ይቃናል፤ ሌሎቹም ያን እርማት እየሰሙ ይማራሉ። በዋሸራም በጎንጅም በዋድላም ያልተቃና ቅኔ ማቅረብ የትምህርቱ መንገድ እንጂ ውርደት አልነበረም። ትላንት የተባለውን ደግሞ የሚመጣ ተማሪ እዚያ አይከበርም፤ ቅኔ የሚፈለገው አዲስ ሆኖ ነው። ከዘመናዊው ችሎት በፊት የነበረው የበላ ልበልሃ ሙግትም በአደባባይ፣ በምክንያትና በምላሽ የሚካሄድ ነበር፤ ሕዝቡም ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ክርክር ከውጭ የመጣብን ዕቃ አይደለም። ዘመናዊው ክፍል ሲመሠረት ከቤተ ክህነቱ ትምህርት ቃል በቃል መሸምደዱን ይዞ፣ የራስን ሥራ አቅርቦ መታረሙን ደጅ መተዉ ነው የሚያሳዝነው።

ሌላው ዓለምስ? የዚህ ጥያቄ ጥናት ሰፊ ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠቅመንን ብቻ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1995 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብና ሳይንስ ጥናት አካል ሆኖ በጃፓን፣ በጀርመንና በአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ክፍሎች በቪዲዮ ተቀርጸው ነበር። ስቲግለርና ሂበርት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት መጽሐፍ የጃፓኑን ትምህርት ሲገልጹ መምህሩ አንድ ከባድ ጥያቄ ሰጥቶ፣ ተማሪዎቹ በየራሳቸው መንገድ እንዲታገሉት ትቶ፣ ከዚያ የተለያዩትን መንገዶች ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ያነጻጽራል ይላሉ። ብዙ ጥያቄ የለም፤ አንድ ወይም ሁለት ነው። ይህን ሳነብ የታሰበኝ የክፍሉ መጠን ነው፤ በጊዜው የጃፓን ክፍል ጣሪያ 40 ተማሪ ነበር። የእኛም የሁለተኛ ደረጃ መመዘኛ በወረቀት ላይ 40 ነው። ውይይት የሃያ ልጅ ክፍል ቅንጦት ነው የሚለው ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አያስኬድም።

ሜሪ በድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ደግሞ በሳይንስ ክፍሎች ውስጥ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለክተው በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኙት። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያረዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ የሚናገሩትም በዙ። ሥልጠናም በጀትም የማይጠይቅ ለውጥ ነው፤ የሚጠይቀው ጸጥታን አለመፍራት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለመምህር ቀላል አይደለም።

ለዚህ ዳሰሳ ከሁሉ የሚጠጋው ግን የእንግሊዛዊው ማልኮም ስዋን ሥራ ነው። ስዋን በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የደከመው በሒሳብ ወድቀው ዳግም ለሚማሩ፣ ትምህርቱን ለጠሉ ወጣቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የሥልጠና ጥራዝ ውስጥ የሚያወያዩ ተግባራትን በጥቂት ዓይነት ከፍሏቸዋል፦ ነገሮችን በባሕርያቸው መመደብ፣ አንድን ሐሳብ በቃልም በሥዕልም በቀመርም አዛምዶ ማየት፣ የተሰጠ ዐረፍተ ነገር እውነት መሆኑን መመዘን፣ ለሌላ ሰው ጥያቄ መፍጠር፣ የሌላን ሰው አሠራር መመርመር። ልብ በሉ፤ ከአምስቱ አንዱም «የሚከተለውን አስላ» አይልም።

እነዚህ በእኛ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ ምን ይመስላሉ? ከስብስብ ልጀምር፤ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ የሚጀምረው በእሱ ነውና። በመጽሐፉ ያሉት ስብስቦች ብዙውን ጊዜ የቁጥርና የፊደል ዝርዝር ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ልደታ ያለ ተማሪ ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የቀላል ባቡር መስመር ያገኛል። ሁለት መስመሮች አሉ፤ ሲገነቡ እያንዳንዳቸው 22 ጣቢያ ነበራቸው። ጠቅላላ ጣቢያው ግን 39 ነበር። «22 እና 22 ሲደመር 44 ነው፤ 39 ያለው ማን ነው የተሳሳተው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ክፍሉ ይከፈላል። አንዱ ቆጠራው ተሳስቷል ይላል፤ ሌላዋ ልደታ ላይ ሁለቱም ባቡር ይቆማል ትላለች። ከዚያ ልጆቹ በጣታቸው መቁጠር ይጀምራሉ፦ ልደታ፣ ተግባረ እድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም። አምስት። አንዱ 22 እና 22 ደምሮ 5 ይቀንሳል፤ ሌላው 17 እና 5 እና 17 ይደምራል። ሁለቱም 39 ያገኛሉ፤ አሁን ጥያቄው «ለምን እኩል ሆኑ?» ይሆናል። ዩኒየንና ኢንተርሴክሽን የሚሉት ስሞች የሚገቡት እዚህ ነው፤ ልጆቹ ሐሳቡን ይዘው ስም ሲያጡለት። ቀመሩን ቀድሞ ጽፎ ባቡሩን «ምሳሌ 3» ማድረግ ይህን ሁሉ ይገድለዋል። ልዩነቱ የቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን እጅግ ይራራቃል።

«ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ ፈጽሞ» የሚባለው ተግባር ደግሞ ምንም መሣሪያ ስለማይፈልግ ለእኛ ክፍል የተፈጠረ ይመስለኛል። መምህሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ተማሪዎቹ ሁልጊዜ እውነት፣ አንዳንዴ እውነት ወይም ፈጽሞ እውነት ያልሆነ መሆኑን ይወስናሉ፤ ውሳኔያቸውንም ይሟገቱለታል። «ቁጥር በራሱ ሲባዛ ይተልቃል።» ብዙዎቹ ሁልጊዜ ይላሉ፤ አንዷ ግማሽን ታነሣለች። ከዚያ ዜሮና አንድ ይመጣሉ፤ በመጨረሻ ከየት እስከ የት እንደማይሠራ መፈለግ ይጀመራል። «ዙሪያው የጨመረ ሬክታንግል ስፋቱም ይጨምራል።» 5 በ5 የሆነ ቦታ ዙሪያው 20፣ ስፋቱ 25 ነው፤ 1 በ14 የሆነው ዙሪያው 30፣ ስፋቱ 14 ብቻ። የቤታቸውን ካርታ ላዩ ልጆች ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ መንገር አያስፈልግም። «የሁለት ኢንጥጥር ቁጥሮች ድምር ኢንጥጥር ነው።» √2 እና √3 ይህን የሚደግፉ ይመስላሉ፤ 3 + √2 እና 5 − √2 ሲደመሩ ግን 8 ይሰጣሉ። ማፍረሻ ምሳሌ ያገኘ ልጅ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ሰማንያ ያገኘ ልጅ ፊት ላይ ሁልጊዜ አያዩትም።

ስሕተትን መመርመር ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ። ኤክስ² = 5ኤክስ የሚል እኩልታ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ከጎኑ ሁለት አሠራር ይቀመጥ፤ ማን እንደሠራቸው አይጠቀስ። የመጀመሪያው ሁለቱንም ወገን ለኤክስ አካፍሎ ኤክስ = 5 ይላል። ሁለተኛው 5ኤክስን ወደ ግራ አምጥቶ፣ አብዢዎችን አውጥቶ፣ 0 እና 5 ያገኛል። ማን ትክክል ነው? የመጀመሪያው ወገን ጠንካራ መከራከሪያ አለው፦ 5ን መልሶ ቢተካ 25 = 25 ይመጣል፤ ታዲያ ምን አጠፋ? ሌላው ወገን 0ን ተክቶ ያሳያል፤ እሱም ይሠራል። አሁን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ተፈጥሯል፤ ሕግ ጠብቆ የሄደ አሠራር አንድ መልስ በመንገድ ላይ ጥሏል። የት ጣለው? «ለኤክስ ስናካፍል ኤክስ ዜሮ ከሆነስ?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪ አፍ ከወጣ፣ ያ ክፍል በዜሮ አለማካፈልን ከዚያ በኋላ እንደ ትእዛዝ አያየውም። መምህሩ ራሱ ቢነግራቸው በሠላሳ ሰከንድ ያልቅ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ይረሳ ነበር። (ሀ + ለ)² = ሀ² + ለ² የሚለው ዘላለማዊ ስሕተትም እንዲሁ ነው። 3 እና 4ን አስገብቶ 49 እና 25 ማየት ስሕተት መሆኑን ያሳያል፤ ለምን ስሕተት እንደሆነ ግን አያሳይም። ካሬ ሥሎ በአራት መክፈልና የጠፉትን ሁለት ቁራጮች መፈለግ ያሳያል።

ስሕተቱ የማንም አለመሆኑ ወሳኝ ነው። አንድን ልጅ ሰሌዳ ላይ አውጥቶ ስሕተቱን ማስነቀፍ በቅኔ ቤት ልማድ ውስጥ ያለፈ ሰው ሊችለው ይችላል፤ ባልለመደ ክፍል ግን ሳቅና ሼም ይከተለዋል፤ ያ ልጅም ዓመቱን ሙሉ አይናገርም። ስም የሌለው አሠራር መሞገት ግን ማንም አይፈራም። ልማዱ ሲዳብር የራሳቸውን ሥራ ማምጣት ይጀምራሉ።

የገበያ ጥያቄም አለ፤ ሲበዛ ሰው ሠራሽ ስለሚሆን አንዱን ብቻ ልጥቀስ። የ1,000 ብር ዕቃ 10 በመቶ ቅናሽ አለው፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይከፈልበታል። ለገዢ የሚሻለው ቅናሹ ቀድሞ ቢሰላ ነው ወይስ ታክሱ? ክፍሉ በእርግጠኝነት ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም መንገድ ግን 1,035 ብር ላይ ያደርሳል። ከዚያ «ለመንግሥትስ ለውጥ አለው?» ሲባል ጉዳዩ እንደገና ይከፈታል፤ በአንዱ ታክሱ 135 ብር ነው፣ በሌላው 150። ነገሩ የማባዛት ቅደም ተከተል ለውጥ ባለማምጣቱ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አልሆነም።

ለማቅረብ ቀላሉ ደግሞ ምሳሌ ማስፈጠር ነው። አን ዋትሰንና ጆን ሜሰን በዚህ ላይ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ አካሄዱ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል። በ(2፣ 3) የምታልፍ ቀጥተኛ መስመር እኩልታ ስጡኝ፤ ሌላ ስጡኝ፤ ጎረቤትህ ፈጽሞ የማያስበውን ስጠኝ። ስልሳ ልጅ ስልሳ መስመር ያመጣል፤ አንዱ የቆመውን መስመር ያመጣል፤ እሱ ለምን እንደሌሎቹ እንደማይጻፍ ክርክር ይነሣል።

የክፍሉ መጠን ግን መልስ ይፈልጋል። ሒሳቡን እንሥራው። ስልሳ ተማሪ በአምስት በአምስት ሲከፈል 12 ቡድን ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢያቀርብ 36 ደቂቃ ይሄዳል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ ለማሰብ አራት ደቂቃ ቀረ። «ሁሉም ቡድን ያቅርብ» የሚለው አሠራር ስለዚህ ገና ሲጀመር የከሸፈ ነው፤ ብዙ መምህራን ውይይትን የተዉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሊሠራ የሚችለው የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር በትልቅ የፊዚክስ አዳራሽ ውስጥ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ያደረገው ነው። ጥያቄው ከአማራጭ ጋር ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ብቻውን ያስባል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መልሱን ያሳያል፤ ትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ «ከጎንህ ካለው ጋር ተሟገት» ይባላል፤ ከዚያ ዳግም መልስ ይሰጣል። እኛ ዘንድ ደረት ላይ የሚደረግ ጣት ይበቃል፤ ለ ሀ አንድ፣ ለ ለ ሁለት። ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ በአንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ቡድን ናቸው። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይናገራል። ይጮሃል፤ ከጎን ያለው ክፍል ሊያማርር ይችላል፤ ዩኒት ሊደሩ መጥቶ በመስኮት ቢያይ ደግሞ «ክፍሉን አይቆጣጠርም» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ርዕሰ መምህራን ይህን ጫጫታ ከሥርዓት አልበኝነት የሚለዩበት ጆሮ ካላወጡ መምህሩ ብቻውን አይዘልቀውም።

ልጆቹ ሲነጋገሩ መምህሩ ምን ያደርጋል? ስሚዝና ስታይን እ.ኤ.አ. በ2011 የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ በዚህ ላይ ይረዳል። ምን መልሶች እንደሚመጡ አስቀድሞ መገመት፣ እየተዘዋወሩ ማዳመጥ፣ ለአደባባይ የሚቀርቡትን ሦስት ወይም አራት ሥራዎች መምረጥ፣ ቅደም ተከተላቸውን መወሰን፣ በመጨረሻም ማያያዝ። ቀላሉና ረጅሙ መንገድ ቀድሞ ይቅረብ፤ አጭሩ በኋላ ይምጣ። እጁን ቶሎ የሚያወጣው ሰቃይ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሁሉ ደብተሩን ይዘጋል። በዚህ ምርጫ ውስጥ ነው ከኋላ የተቀመጡት፣ በተለይም በብዙ ክፍሎች ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማው ሴቶች ልጆች፣ መድረክ የሚያገኙት፤ መምህሩ በዝውውሩ ጊዜ ጥሩ ሐሳብ ደብተሯ ላይ ያየባትን ልጅ «ይህን ኋላ ትነግሪናለሽ» ብሎ ቀድሞ ካዘጋጃት ተነሥታ መናገሩ አያስደነግጣትም።

የቋንቋው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው። ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ሐሳብ እየተወለደ ሳለ በሁለተኛ ቋንቋ መናገር፣ እሱንም በሰው ፊት፣ ሁለት ሸክም ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ጂል አድለር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ የብዙ ቋንቋ ሒሳብ ክፍል መምህራን የሚገቡበትን አጣብቂኝ በዝርዝር አሳይታለች፦ ልጆቹ በቤታቸው ቋንቋ ቢነጋገሩ ሐሳቡ ይጠራል፣ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። መምህራን ይህን በየቀኑ በራሳቸው ይፈቱታል፤ በአማርኛ አስረድተው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ሱፐርቫይዘር ሲገባ ደግሞ አማርኛው ይቆማል። ይህ መደበቅ የለበትም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሟገቱ በሚቀናቸው ቋንቋ ይሁን፤ በአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ያ አማርኛ ብቻ ላይሆንም ይችላል፤ ለክፍሉ የሚቀርበው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገርና በደብተር የሚጻፈው ማረጋገጫ በእንግሊዝኛ ይሁን። በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ የተባለ ክፍል እንግሊዝኛ አይናገርም፤ ዝም ነው የሚለው።

አሁን ደግሞ ሁሉም መምህር የሚያነሣው ጥያቄ፦ «ፖርሽኑስ? ፈተናውስ?» ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በእነዚህ ቁጥሮች ፊት ቆሞ ስለ ውይይት ማውራት ለአንዳንዱ ቅብጠት ይመስለዋል። እኔ ግን ቁጥሮቹ የሚናገሩት ስለ ተሸፈነው ፖርሽን ነው ብዬ አስባለሁ። ፖርሽኑ በየዓመቱ ተጨርሷል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል፤ የተጨረሰው ግን ተማሪው ጋ አልደረሰም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ በኋላም ይህ ጥያቄ እንዳለ ነው።

ፈተናው ራሱ ደግሞ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የቆዩ የማትሪክና የኢንትራንስ ጥያቄዎች በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሞልተዋል፤ አራት አማራጭ አላቸው፤ ከአራቱ ሦስቱ ስሕተት ናቸው። እነዚያን ሦስት ስሕተቶች ፈታኙ በዘፈቀደ አልጻፋቸውም፤ ተማሪ የሚሠራቸውን ስሕተቶች አስቦ ነው። «ትክክለኛው ለ ነው» ብሎ ማለፍ ጥያቄውን ባዶ ያደርገዋል። «ሐ ን የመረጠ ልጅ ምን ብሎ አስቦ ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ ግን አንዱ ጥያቄ ለአሥር ደቂቃ ሙግት ይበቃል፤ ለፈተናውም ዝግጅት ነው፤ ወላጅም ርዕሰ መምህርም አይቃወሙትም። በሁሉም ቀን ይደረግ አልልም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በቀሪዎቹ ደግሞ አንድ የሚያከራክር ጥያቄ ቢገባ ፖርሽኑን አይጥለውም።

ቀሪው ሥራ የመምህራኑ ነው፤ ብቻቸውን ግን አይደለም። ጥሩ ጥያቄ መፍጠር ጊዜ ይወስዳል፤ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ የሚያርመው ወረቀት ተከምሮ የሚጠብቀው መምህር በየምሽቱ እንዲፈጥር መጠበቅ ግፍ ነው። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ዘጠኝ ምዕራፍ አለው። በልደታ ክፍለ ከተማ ያሉ የሒሳብ ዲፓርትመንቶች ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ጥያቄ አብረው ቢያዘጋጁ፣ በአንዱ ትምህርት ቤት አንዱ መምህር ቢያስተምርበት፣ ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው ልጆቹ የተናገሩትን ቢጽፉ፣ ከዚያም ጥያቄውን ቢያርሙት፣ በዓመቱ መጨረሻ ዘጠኝ የተፈተኑ ጥያቄዎች ይኖራሉ። ከጥያቄው ሥር የሚጻፈውም ልጆች የሰጡት መልስ፣ የሄዱበት የተሳሳተ መንገድና ክርክሩን ያስነሣው ሐሳብ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም የመምህር መምሪያ ውስጥ የለም።